ልጄ እባብ አማረው፦ የመጀመሪያ እባብ ስለመምረጥና ስለመያዝ

ልጄ 10 ዓመት ሲሞላው ውሻ ይጠይቀኛል ብዬ ስዘጋጅ "አባዬ፣ እባብ ግዛልኝ" አለኝ። ስልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ ባላት አፓርታማ ውስጥ። "በስመአብ!" አልኩና "እናትህን ጠይቅ" ብዬ ገፋሁት። እናቱ መልሳ ወደ እኔ ላከችው። እንዲህ ስንገፋፋ አንድ ዓመት ሞላን። ልጁ ግን አልረሳም። እኔም ሲጨንቀኝ ማንበብ ጀመርኩ፣ ያሳደጉ ሰዎችን ጠየቅኩ፣ ሁለት ጊዜ የተሳቢ እንስሳት ኤክስፖ ሄጄ ዳር ዳሩን ቆሜ አየሁ። ይኸው አሁን እባባችን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ስሙ አዋዜ ነው። ቀለሙን ብታዩት ስሙ ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝም።

እኛ እባብን የምናውቀው በዱላ ጫፍ ነው። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" እየተባልን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ደራጎኑን ሲወጋ እያየን ነው ያደግነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ እባብ የሚያውቁት ከመስታወት ጀርባ ነው፣ ስለዚህ አይፈሩም። የኔ ቢጤ ወላጅ መብዛቱን ስላየሁ ነው ይህን መጻፌ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። እባብ ሲያሳድጉ ዋናው ሥራ ያለው የሚኖርበት ሳጥን ላይ ነው። ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ ክዳኑ። እነዚህ ከተስተካከሉ እባቡ ራሱን ችሎ ይኖራል። ከተበላሹ ግን የቱንም ያህል ብትወዱት አያድነውም። እኔ ይህን የተማርኩት ተገላቢጦሽ ሄጄ ነው፣ መጀመሪያ እባቡን ገዝቼ ከዚያ ዕቃውን። እናንተ እንዲህ አታድርጉ።

ሌላው፣ እባብ አይወዳችሁም። አይጠላችሁምም። ሽታችሁን ይለምዳል፣ እጃችሁ ላይ ሳይደነግጥ መቀመጥ ይችላል፣ በቃ። በር ላይ እየዘለለ የሚቀበላችሁ እንስሳ ከፈለጋችሁ ውሻ ውሰዱ። ልጃችሁንም ቁጭ አድርጋችሁ ይህን ንገሩት። የኔው "እሺ፣ ለማየት ነው የምፈልገው" አለኝ። መልሱ ገርሞኝ ነው የተሸነፍኩት።

የትኛውን?

ለጀማሪ ሁለት ስም ትሰማላችሁ፦ ኮርን ስኔክ እና ቦል ፓይተን። ሁለቱም መርዝ የላቸውም። ያደኑትን ተጠምጥመው አንቀው ነው የሚበሉት። እኔ ያለምንም ማቅማማት ኮርን ስኔክ ነው የምለው።

ኮርን ስኔክ የዚሁ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ነው። ሲፈለፈል የእርሳስ ያህል ቀጭን ነው። ሲያድግ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ ውፍረቱ ግን ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ጠባዩ ለስላሳ ነው፣ ሲበላም አያስቸግርም። ስሙ የመጣው ከበቆሎ ነው። አንዳንዱ አይጥ ፍለጋ በቆሎ ጎተራ ውስጥ ስለሚገባ ነው ይላል፣ ሌላው ሆዱ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ጥለት የበቆሎ ፍሬ ስለሚመስል ነው ይላል። ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ይህን ቁጥር እንደገና አንብቡት። ልጃችሁ ኮሌጅ ሲገባ እባቡ ከማን ጋር እንደሚቀር ይታያችኋል።

ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዘመዳችን ነው። አጠር ብሎ ወፈር ያለ፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለል፣ ዝግ ያለ እባብ። ለመያዝ ከኮርን ስኔክ ይቀላል፣ ምክንያቱም አይቸኩልም። ሁለት ነገር ግን ያስመርራል። አንደኛ፣ ብዙ እርጥበት ይፈልጋል፤ ክረምት ላይ ሂተር በሚያደርቀው ቤት ውስጥ ይህን መጠበቅ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ይጾማል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቦል ፓይተን ሁዳዴን ጨርሶ ፍልሰታን ሊያስከትል ይችላል። ጤነኛ ሆኖ ወራት ሙሉ አልበላም ማለት ለሱ ብርቅ አይደለም፣ ለጀማሪ ግን ጭንቀት ነው። ዕድሜው ደግሞ 30 ዓመት ይደርሳል፣ ከዚያም ያልፋል። ሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ በ1961 የገባች አንዲት ቦል ፓይተን በ2020 ሰባት እንቁላል ጥላለች፤ ያኔ ዕድሜዋ ከ60 በላይ ነበር፣ ወንድ ካየችም 15 ዓመት አልፏታል። ስለዚህ ቦል ፓይተን ስትገዙ ለልጅ ልጅ ጭምር ነው።

ቀለም ስትመርጡም ተጠንቀቁ። አርቢዎች ብዙ ዓይነት ቀለም ያወጣሉ። "ስፓይደር" የሚባለው የቦል ፓይተን ዝርያ ግን ከቀለሙ ጋር ጭንቅላት የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ችግር አብሮት ይወለዳል። ያምራል፣ ግን አትግዙት።

ትልልቆቹን ደግሞ እርሷቸው። በርሚስ ፓይተን ሲገዛ ክንድ አይሞላም፣ ያድግና ከ5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ የሚባለው ረግረግ ውስጥ ሰው ያመለጠውና የለቀቀው ዘር ተራብቶ የዱሩን እንስሳ አመናመነው። ከ2012 ጀምሮ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የተከለከለውም ለዚህ ነው።

ሕጉን አስቀድማችሁ እዩ፣ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ሃዋይ ማንኛውንም እባብ ቤት ማኖር ክልክል ነው። አትላንታ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ ጆርጂያ የራሷን መርዝ አልባ የዱር እባቦች በቤት መያዝ ትከለክላለች፣ ኮርን ስኔክም አንዱ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ምክሬ ወደ ቦል ፓይተን ያጋድላል። አፓርታማ የምትከራዩ ከሆነ ውላችሁንም አንብቡ። "ፔት" የሚለው አንቀጽ ውሻና ድመት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ።

አገር ቤት ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ፣ እባካችሁ ከሜዳ እባብ አትያዙ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ እፉኝት ያለ ገዳይ እባብ አለ፣ ከሩቅ አይቶ መርዘኛውን ከመርዝ አልባው መለየት ደግሞ ለባለሙያም ይከብዳል። ይህ ጽሑፍ በሰው እጅ ስለተፈለፈለ እባብ ብቻ ነው።

ስትገዙ

"በእርባታ የተፈለፈለ ነው ወይስ ከዱር የተያዘ?" ይህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሁን። ከዱር የመጣው ብዙ ጊዜ ጥገኛ ተባይ ይዞ ይመጣል፣ ምግብም እምቢ ይላል። ከአርቢ መግዛት ይሻላል። አርቢው መቼ እንደተፈለፈለ፣ ምን እንደሚበላ፣ መጨረሻ የበላው መቼ እንደሆነ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁ ከሆነ እለፉት፣ ሌላ ጠረጴዛ አለ።

እጃችሁ ላይ አድርጉትና እዩት። ምላሱን ብልጭ ብልጭ እያደረገ ዙሪያውን ይመርምር። ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው ደረቅ፣ አፉ ዙሪያ ንፍጥ ወይም አረፋ የሌለበት ይሁን። የጀርባ አጥንቱ እንደ ጣሪያ ሾሎ ከታየ ከስቷል ማለት ነው። ቅርፊቶቹ መካከል ወይም ዓይኑ ዙሪያ የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ማይት (ደም መጣጭ ተባይ) ነው፤ መልሱትና እጃችሁን ታጠቡ።

የኛ እባብ ራሱ 60 ዶላር ነበር። ቤቱና ዕቃው ተደምሮ ከ300 አለፈ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ሳጥኑ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። እባብ ገላውን ራሱ አያሞቅም። ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው፣ ሲበርደው ወደ ሞቃቱ እየሄደ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሳጥኑ አንድ ወገን ሞቃት፣ አንድ ወገን ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ለኮርን ስኔክ ሞቃቱ 85 እስከ 88 ፋራናይት (ወደ 30 ሴልሺየስ)፣ ቀዝቃዛው 75 አካባቢ (24 ሴልሺየስ)። ለቦል ፓይተን ሞቃቱን እስከ 90 (32 ሴልሺየስ)፣ ቀዝቃዛውን እስከ 78 ከፍ አድርጉት። ሙቀት ከሌለ ምግብ አይፈጭለትም። የበላው ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ያስመልሰዋል።

ሙቀቱ ከላይ በሚሰቀል አምፖል ወይም ከሥር በሚለጠፍ የሙቀት ምንጣፍ ሊመጣ ይችላል። የትኛውንም ብትመርጡ ቴርሞስታት (ሙቀቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠር መሣሪያ) የግድ ነው። የግድ! እኔ ሳልገዛ የቀረሁት እሱን ነበር። መስታወቱ ላይ የምትለጠፍ ርካሽ ቴርሞሜትር ነበረችን፣ 85 ትላለች፣ ደስ ብሎናል። አዋዜ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቀዝቃዛው ጥግ ተለጥፎ አልነቃነቅ አለ። እጄን አስገብቼ ሞቃቱን ወለል ስነካው ምጣድ! እንጀራ ይጋግራል። የጓደኛዬን የሌዘር ቴርሞሜትር ተውሼ ብለካው 104 አለኝ። ያቺ የተለጠፈችው የምትለካው የመስታወቱን አየር ነው፣ እባቡ የሚተኛበትን ወለል አይደለም። በዚያው ምሽት ሄጄ ቴርሞስታት ገዛሁ። መለኪያ ሽቦዋን እባቡ በሚተኛበት ወለል ላይ አድርጓት። ከውስጡ የሚሞቅ ሰው ሠራሽ ድንጋይም ይሸጣል፣ እሱን አትንኩት፣ ሆዱን ያቃጥለዋል።

መደበቂያ ሁለት አድርጉለት፣ አንዱን ሞቃቱ ጋ፣ ሌላውን ቀዝቃዛው ጋ። አንድ ብቻ ከሆነ ከመደበቅና ከሙቀት አንዱን ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜም መደበቅን ነው የሚመርጠው። ጠበብ ያለ ይሁን፣ ጎኑ ግድግዳውን ሲነካ ነው የሚረጋጋው። ውድ መሆን የለበትም፤ የኛ አንዱ መደበቂያ የተገለበጠ የአበባ ማሰሮ ነው።

ወለሉ ላይ ለኮርን ስኔክ የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ፣ ለቦል ፓይተን እርጥበት የሚይዝ የኮኮናት ገለባ ይሆናል። የሲዳርና የፓይን ፍቅፋቂ አታስገቡ፤ የሚያሸተው ዘይት ሳንባውን ይጎዳል። እርጥበቱ ለኮርን ስኔክ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይበቃል። ለቦል ፓይተን ከ60 አታውርዱት። ውሃ ሁልጊዜ ይኑረው፣ ቢፈልግ ገብቶ የሚነከርበት ሰፋ ያለ ሳህን።

ስፋቱስ? ትንሹን በትንሽ ሳጥን ጀምራችሁ ሲያድግ ወደ 120 በ60 ሴንቲሜትር ብታዛውሩት ጥሩ ነው። አንድ ሳጥን፣ አንድ እባብ። ብቻውን ነው ብላችሁ አትዘኑለት፣ ጓደኛ አይፈልግም።

የኛ ቤት ጉዳይ አንድ ልጨምር፣ ዕጣን። ጭስ ለእባብ ሳንባ አይበጅም፣ ሽቶና የአየር ማጣፈጫም እንዲሁ። እሑድ ቡና ሲፈላ አዋዜ ያለበትን ክፍል በር እንዘጋለን። ባለቤቴ "ለእባብ ተብሎ ዕጣን ሊቀር ነው?" ብላ ነበር። አልቀረም፣ በር ነው የተዘጋው።

ምግብ

አይጥ ነው የሚበላው። ሌላ አማራጭ የለም፣ አትክልት የሚበላ እባብ የለም። ይህን መዋጥ ካልቻላችሁ (እሱ ይውጠዋል) እዚህ ላይ ተዉት።

በረዶ ሆኖ የሚሸጥ አይጥ ግዙ። በሕይወት ያለ አይጥ አትስጡት። ይነክሰዋል፣ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። መጠኑ ቀላል ነው፦ የአይጡ ወገብ የእባቡን በጣም ወፍራም ቦታ ያህል ይሁን። የእባቡ ጫጩት ገና ፀጉር ያላወጣች "ፒንኪ" የምትባለውን የአይጥ ግልገል በየ5 እስከ 7 ቀኑ ይበላል። ያደገ ኮርን ስኔክ አንድ ትልቅ አይጥ በየ10 እስከ 14 ቀኑ ይበቃዋል። እኛ እንግዳ "ብሉ፣ ብሉ" ማለት ለምደናልና ይከብዳል፤ ቢሆንም በቤት ከሚኖሩ እባቦች ብዙዎቹ ችግራቸው ውፍረት ነው።

ማታ ከፍሪዘር አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉት፣ ይሟሟ። ሊበላ ሲል በፌስታል አሽጋችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ለብ እስኪል። ማይክሮዌቭ በፍጹም፤ ከውስጥ ይበስላል፣ ይፈነዳል፣ ከዚያ በኋላ ማይክሮዌቩንም ትጥሉታላችሁ። በረጅም መቆንጠጫ ጭራውን ይዛችሁ ፊቱ ላይ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት። በእጅ አትስጡ፣ የሚመራው በማሽተትና በሙቀት ስለሆነ ጣታችሁን ከአይጡ አይለይም። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አትንኩት።

ካስመለሰ አትደንግጡ፣ መልሳችሁ ለማብላትም አትቸኩሉ። ሙቀቱን ፈትሹ፣ ሁለት ሳምንት አሳርፉት፣ ከዚያ አነስ ባለ አይጥ ጀምሩ። ከደገመ ሐኪም ጋ ነው።

አይጡን የት ታስቀምጡታላችሁ? እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ ሁለተኛው ቀን ላይ የበርበሬ ፌስታል ፍለጋ ፍሪዘሩን ከፈተች። ከበርበሬው ሥር አምስት ነጫጭ አይጦች በተርታ ተኝተዋል። ጩኸቷን ጎረቤት ሰማ። "እንዴ! እኔ የላክሁትን በርበሬ ከአይጥ ጋር?" አለች። ያን በርበሬ ጣለችው፣ ሦስት ኪሎ። ያለቀሰችው ደግሞ በአይጡ ሳይሆን በርበሬውን ስትጥል ነው የመሰለኝ። ትንሽ የተለየች ፍሪዘር ግዙ። ካልሆነ በክዳን የሚገጥም ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ጻፉበት። ለመንከሪያም የራሱ ዕቃ ይኑረው፣ የቤት ኩባያ አይሁን።

ይህ ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። እባብ ጤነኛ ሆኖም ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ከነካችሁት፣ ሳጥኑን ከነካችሁ፣ አይጡን ከነካችሁ በኋላ በሳሙና ታጠቡ። የውሃ ሳህኑን ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አትጠቡ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው እባብ መንካት የለበትም። እናቴ ይህን ስነግራት "እንካ ብትለኝስ እነካዋለሁ?" አለችኝ።

ቆዳ ሲቀይር

አንድ ቀን ዓይኑ ሞራ እንደጋረደው ሰው ጭጋጋማ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። አልታመመም። ቆዳውን ሊቀይር ነው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፣ ዓይኑን የሚሸፍነው ብርጭቆ መሳይ ቅርፊት አብሮ ይወልቃል። በዚህ ጊዜ አጥርቶ ስለማያይ ይቆጣል፤ ተዉት፣ ምግብም እምቢ ቢል አታስገድዱት። እርጥብ ሳር መሰል ነገር (ሞስ) የሞላበት ሳጥን አስገቡለት። ጥሩ ከሆነ እንደ ካልሲ ተገልብጦ በአንድ ወጥ ይወልቃል። ልጄ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ወስዶት ነበር። በቁርጥራጭ ከወለቀ እርጥበት አንሷል ማለት ነው። ጭራው ጫፍና ዓይኑ ላይ የቀረ ካለ እዩ። በጥፍር አትላጡ! ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ፎጣ መካከል ለጥቂት ደቂቃ ይሂድበት። ዓይኑ ላይ የቀረውን በራሳችሁ አትንኩ፣ ለሐኪም ነው።

እጅ ላይ

ቤት በገባ የመጀመሪያ ሳምንት አትንኩት። ሁለት ሦስቴ ሳያስመልስ ከበላ በኋላ ጀምሩ፣ አሥር ደቂቃ። ከላይ አትምጡበት፣ ከላይ የሚመጣበት አሞራ ነው። ከጎን ገብታችሁ መሐል ገላውን ደግፉ። ጭንቅላቱን አትያዙ። ትንሽ ኮርን ስኔክ ሲደነግጥ ጭራውን ያርገበግባል፣ ሊነክስም ይችላል። አዋዜ እኔን ሁለቴ ነክሶኛል። የድመት ጭረት አይሞላም፤ የጮኽሁት ግን ሌላ ነው።

ሲያመልጥ

"ቢያመልጥ" አላልኩም። እባብ ጭንቅላቱ የገባበት ሁሉ ገላው ይገባል፣ ሌሊቱን ሙሉ ክዳን ሲፈትሽ ያድራል። የሚቆለፍ ክዳን ግዙ። አዋዜ በሁለተኛው ዓመቱ ክዳኑ በደንብ ስላልተገጠመ ሦስት ቀን ጠፋ። ባለቤቴ ሦስቱንም ሌሊት መብራት አብርታ ነው ያደረችው። በየክፍሉ በር ሥር ዱቄት በተንን (ፉርኖ ዱቄት፣ ጤፍ እንዲህ አይባክንም)። ሲነጋ ወጥ ቤቱ በር ላይ የተጠማዘዘ መስመር ተሠርቶበት አገኘነው። ፍሪጁን ስንጎትተው ከኋላ ሞተሩ ጋ፣ ሙቀቱ ላይ፣ ጥቅልል ብሎ ተኝቷል። ሞቃትና ጨለማ ቦታ ፈልጉ፣ በማታ፣ በባትሪ።

ሐኪምም ሳይታመም ፈልጉ። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም እባብ አያይም፣ ስልክ ደውላችሁ ተሳቢ እንስሳ ያክማሉ ወይ በሉ። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ፉጨት ካለው፣ አፉ ዙሪያ አረፋ ካየን፣ የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን አናሳድርም።

አንድ የሚያስደስት ነገር ግን አለ፣ ጉዞ። ባለፈው ገና ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ስንሄድ አዋዜን ከአራት ቀን በፊት አብልተነው ሄድን። የአጎቴ ልጅ በየሁለት ሦስት ቀኑ እየመጣ ውሃ ቀየረ፣ የቴርሞሜትሩን ፎቶ ላከልን። ምግብ እንዳይሰጠው ነግረነዋል፣ እሱም ሊሰጥ አልፈለገም። ሳጥኑ ላይ ልጄ በትልልቁ ጽፎ የለጠፈው ወረቀት አሁንም አለ፦ "ጋሼ፣ ክዳኑን ቆልፍ። ደግመህ እየው።"